ዓይንን ስለ መጠበቅ በትምህርት ቤት ማስተማር ይገባልን?

አባትና እናት ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሰዱት ፊደል እንዲለይ፥ ሒሳብ እንዲያውቅ፥ ኋላም ራሱንና አገሩን እንዲረዳ ብለው ነው። ነገር ግን ልጁ ፊደሉን የሚለየው በዓይኑ ነውና፥ የዓይኑን አጠባበቅ ሳያስተምሩ ንባቡን ብቻ ማስተማር የተሰነጠቀ እንስራ ይዞ ወንዝ እንደ መውረድ ይቆጠራል።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ጤና መጠበቅ የወላጅ ፈንታ ነው፤ አስተማሪ ፊት ለማሳጠብ አልተቀጠረም» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ነገሩን ከሥሩ የመረመሩት አይመስለንም።

ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ እንመልከት። ይህ በሽታ ባክቴሪያ ከምትባል ረቂቅ ተሕዋሲት የሚመጣ ሲሆን፥ ከታመመው ልጅ ወደ ጤነኛው በእጅ፥ በልብስ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። ዝንቡም የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይንን ቆብ ውስጡን ያቆስለዋል፤ ጠባሳውም ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዞሮ ብሌኑን ይፈገፍገዋል። በየመንደሩ በወረንጦ የሚነቀለው ይኸው ፀጉር ነው። ይልቁንም ሴቶች ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ ጉዳቱ ይበረታባቸዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሽታው የሚገባው በልጅነት፥ የሚያሳውረው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ ወላጅ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ያልተማረውንስ እንዴት አድርጎ ያስተምራል? እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም ዓይኑን ዝንብ የወረረው ጓደኛ ከጎናችን ይቀመጥ ነበር፤ «እሽ» ከማለት በቀር ፊትህን ታጠብ ያለው ሰው ትዝ አይለንም። መምህራችንም ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እርሳቸውም አልተነገራቸውም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ በሽታ የሚመክረው አራት ነገር ነው፤ የዞረውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቅናት፥ መድኃኒት ማደል፥ ፊትን መታጠብ፥ አካባቢን ማጽዳት። በዚህም መንገድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሞሮኮ በ2016፥ ጋና በ2018 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንደ ቀረላቸው ተመስክሮላቸዋል። በአገራችን ግን፥ ይልቁንም በአማራ ክልል፥ ሸክሙ እጅግ የከበደ ነው። ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ የሐኪም ሥራ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ልማድ ናቸውና ልማድ የሚተከለው በልጅነት ነው።

በውነቱ ውሃ በሌለበት ግቢ ስለ መታጠብ ማስተማር በተማሪው ላይ መቀለድ ነው። ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ከመጽሐፉ አስቀድመው ውሃውንና መፀዳጃውን ያስቡ። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ከሥሩ የተበሳ ጀሪካን በእንጨት ላይ ቢሰቀል ይበቃል፤ ለአንድ ልጅ ፊት አንድ ኩባያ የማይሞላ ውሃ ይበቃዋልና። ፈተናውም በወረቀት አይሁን። አስተማሪው ጠዋት በደጃፍ ቆሞ የልጆቹን ፊት ይመልከት፤ ያልታጠበውንም ሳያሳፍር ወደ ውሃው ይስደደው፤ ማታም ወደ ቤቱ ሲመለስ የታናሽ እኅቱን ፊት እንዲያጥብላት ይዘዘው።