የቴፑ ድምፅ ሲሰልል

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከኤረር በር አጠገብ ወደሚገኝ ቤት ተጠርተን ሄድን። የጠሩን ከከተማው ውጭ ሽንኩርትና ጫት የሚያመርቱ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ቤቱ የልጃቸው ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ቴፕ፣ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት የድምፅ ሳጥኖች አሉ። አምፕሊፋየር ማለት ከቴፑ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ አበርትቶ ወደ ሳጥኖቹ የሚልክ ዕቃ ነው። አንደኛው ሳጥን ጭራሽ አይናገርም። ሁለተኛው ቢናገርም ብርድ እንደመታው ሰው ሰልሏል።

“ጠጋኙ ‘አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ’ አለኝ። ጊደሬን ልሸጥ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ ልጆቼ?” አሉን።

ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት ከኪሳቸው አወጡ። ልጃቸው ስትዳር ሟች ባለቤታቸው ሲዘፍኑ የተቀዳበት ነው። የሴትዮዋ ድምፅ ከዚያ ካሴት በቀር የትም የለም።

ካሴት ምንድን ነው? ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1963) ያወጣው ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ቡናማ ክር ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የተቀባው ዱቄት ብዙውን ጊዜ የብረት ዝገት ዓይነት ነው። የክሩ ስፋት አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም። የ60 ደቂቃ ካሴት ክር ቢዘረጋ ግን 90 ሜትር ያህል ይሆናል። ድምፁ በዚያ ዱቄት ላይ በማግኔት ይጻፋል። ክሩ በሴኮንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እየተጓዘ፣ ጠጋኞች “ሄድ” በሚሏት ትንሽ ብረት ፊት ሲያልፍ ሄዷ ጽሑፉን ታነባለች። ፊደል እንደ ማንበብ ነው። መነጽር ከቆሸሸ ፊደል አይታይም።

በማግኔት የተጻፈ በማግኔት ይጠፋል። በድምፅ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ማግኔት አለ። ስለዚህ ካሴት ሳጥን ላይ አይቀመጥም። አዛውንቱ ግን ካሴቶቻቸውን ሁሉ የደረደሩት እዚያው ሳጥን ላይ ነበር።

እኛ የጀመርነው ከማይናገረው ሳጥን ነው። ኤሌክትሪኩን አጥፍተን የሁለቱን ሳጥኖች ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነቀልንና አቀያየርን፤ የግራውን ከቀኙ ቦታ፣ የቀኙን ከግራው ቦታ ሰካን። ዝም ያለው ሳጥን አሁን ቢናገርና ደህናው ዝም ቢል ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የቴፑ በሆነ ነበር። እሱ ግን አሁንም ዝም አለ። እንግዲህ ጥፋቱ ወይ የሳጥኑ ነው ወይ የገመዱ። የደህናውን ሳጥን ገመድ ወስደን ብናገናኘው ተናገረ! ገመዱን በእጃችን እየዳሰስን ብንከተለው፣ ምንጣፉ ስር አይጥ በልታዋለች። የተበላውን ቆርጠን፣ ሽቦውን ልጠን፣ አንዱ ከሌላው እንዳይነካካ ለየብቻ በፕላስተር ጠቀለልነው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጊደር የሚያሸጥ በሽታ አልነበረም።

ገመዱ ሲገናኝ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይሁን። በአንዱ ሳጥን ላይ ቢገለበጥ፣ አንዱ ሳጥን አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙ የከበሮ ድምፅም ይጠፋል። ምልክቱ ከደበዘዘ አንድ የባትሪ ድንጋይ ወስዳችሁ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ከነቀላችሁ በኋላ ለአፍታ ብቻ አስነኩት። የሳጥኑ ወረቀት ወደ ውጭ ከተገፋ፣ የድንጋዩን ጉብታ የነካው ሽቦ ቀዩ ነው።

ቀጥሎ የሰለለው ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ተሳሳትን። ቸኩለን የአዛውንቱን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተትን። አንድ ስንኝ እንኳ ሳይሞላ ቴፑ ክሩን በላው። አዛውንቱ ዝም አሉ። ልጃቸው ከበሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። መጀመሪያ በማይረባ ካሴት መሞከር ነበረብን።

እንደ ዕድል ክሩ አልተበጠሰም። ቀስ አድርገን አውጥተን፣ በጣታችን አለስልሰን፣ በእርሳስ እያዞርን መለስነው። ከዚያ ከፋርማሲ አልኮል ገዝተን፣ በእንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለን፣ ቴፑን ከኤሌክትሪክ ነቅለን ሄዷን፣ ክሩን የምትስበዋን ትንሽ ጎማና ከጎማዋ ጋር የምትዞረዋን የብረት ዘንግ ጠረግን። ጥጡ ቡና መስሎ ወጣ። (አረቄ ይሆናል ወይ ብለውን ነበር። አይሆንም፤ ውሃም ሌላም ነገር አለበት።) እስኪደርቅ ጠብቀን በአሮጌ ካሴት ሞከርን። ድምፁ ጠራ።

ድምፁ ቢጠራም ቤቱ ውስጥ ይጮህ ነበር። ምክንያቱ ቤቱ ራሱ ነው። በቆየ የሐረሪ ቤት በድንጋይ ግድግዳው ውስጥ እንደ ዕውር መስኮት የተሠሩ ማስቀመጫዎች አሉ። ሳጥኖቹ የገቡት እነሱ ውስጥ ነበር። በእንስራ አፍ ውስጥ የሚናገር ሰው ድምፁ እንደሚጎላና ቃሉ እንደሚደፈን፣ በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሳጥንም እንዲሁ ይሆናል። አውጥተን በርጩማ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀን አቆምናቸው። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና የተነጠፈው ምንጣፍ ግን መልካም ናቸው፤ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይሰብሩታል፣ ይውጡታል። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ከሁሉ የከፋ ነው። አደራ፣ ለገመድ ብላችሁ የቆየ ግንብ አትብሱ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ገንዘብ ከተገኘስ? በእኛ አስተያየት መጀመሪያ የሚለወጠው ሳጥኑ ነው፣ አምፕሊፋየሩ አይደለም። ያገለገለ ጥሩ ሳጥን ከአዲስ ርካሽ ሳጥን ይሻላል። ሲገዛ ወረቀቱ አለመቀደዱ፣ ከጀርባውም የተጻፈው የኦም ቁጥር (4፣ 6 ወይም 8) አምፕሊፋየሩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር አለማነሱ ይታይ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሳጥኑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። በአንድ መስመር ላይ ሦስትና አራት ሳጥን መቀጠልም በአንድ የውሃ ሞተር ብዙ ቦይ ለማጠጣት እንደ መሞከር ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ከዚያም ይቃጠላል።

አዛውንቱ ጊደራቸውን አልሸጡም። ለካሴቱ ግን አንድ ሥራ ቀረው። ካሴት በተጫወተ ቁጥር ያልቃል። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር ይቀዳል፣ ከዚያ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በዚሁ በጀጎል አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ባቋቋሙት ሙዚየም ከጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ጋር የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችም ተሰብስበዋል። የአዛውንቱን ካሴት በማግስቱ ቀዳነው። ቴፑ የበላት ስንኝ ላይ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይዋልላል፣ ከዚያ ይስተካከላል። አንዱን ቅጂ በልጃቸው ስልክ፣ ሌላውን በአማቻቸው ስልክ ጫንን። ካሴቱን አዛውንቱ በጨርቁ መልሰው ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው ከተቱት።