ቤትን ለገዢ ማሰናዳት

ቤቱን ለመሸጥ የቆረጠ ሰው ገንዘብ ቢተርፈው ወለሉን በሴራሚክ ለብጦ፣ ወጥ ቤቱንም እንደ አዲስ አሠርቶ ለገበያ ቢያቀርበው ይወዳል፤ ይሁን እንጂ ለእድሳት የወጣ ብዙ ገንዘብ በሽያጩ ዋጋ ላይ ተደምሮ ለመመለሱ ዋስትና የለውም፤ ገዢውም የራሱ ምርጫ ስላለው በሻጩ ድካም የተሠራውን አፍርሶ እንደ ፈቃዱ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለሽያጭ የሚሰናዳ ቤት የሚሻው ከብዙ ወጪ ይልቅ ትጋትንና ቅንነትን ነው፤ በእጅ ያለው ጥቂት ገንዘብም አስቀድሞ ውኃን ለመከልከል፣ ከዚያ በኋላ ለቀለም ሊውል ይገባዋል።

ውኃን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙዎቹ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ ታንጸው በቆርቆሮ የተከደኑ ናቸውና፣ ክረምቱን የሚወርደው ዝናም ጥቂት ቀዳዳ ካገኘ እስከ መሠረቱ ድረስ ይዘልቃል። ቆርቆሮውን ከማገሩ ጋር ያያዘው ሚስማር ከዘመን ብዛት ሲላላ፣ ከራሱ ሥር ያለችውም ጎማ ደርቃ ስትሰነጠቅ፣ ጠብታው በሚስማሩ አንገት ላይ ተንሸራቶ ይወርድና በኮርኒሱ ላይ ዳሩ የጠቆረ ቡናማ ክብ ይተዋል፤ ልምድ ያለው ገዢ ወደ ቤት እንደ ገባ ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ የሚፈልገውም ይህንኑ ምልክት ነው። የላላውን ሚስማር ነቅሎ ከአዲስ ጎማ ጋር መምታት፣ ቀዳዳውን በሬንጅ መድፈን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሞላበትን አሸንዳ መጥረግ፣ ከጣራ የሚወርደውም ውኃ የግድግዳውን እግር እንዳይመታ ትንሽ ቦይ አውጥቶ ወደ ውጭ መምራት፣ ይህ ሁሉ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ ጉልበትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። የጭቃ ግድግዳ በተሰነጠቀበት ስፍራ ግን ሲሚንቶ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይስማማምና ጥቂት ቆይቶ ይፈነቀላል። ከጭድ ጋር በሚገባ ተቦክቶ የከረመ ጭቃ፣ አባቶቻችን ያደርጉት እንደ ነበረው፣ ስንጥቁን አጥብቆ ይይዘዋል።

ቀለም የሚቀባው እንግዲህ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ተነፍቶ ይላጣልና፣ ለዚህ ሥራ ከመስቀል ወዲህ ፀሐይ የሚጠናበትን ወራት መጠበቅ ይበጃል። አቅም ላነሰው ሰው ኖራ የተመሰገነ ነው፤ በውኃ ተበጥብጦ አድሮ፣ በጨርቅ ተጣርቶ፣ በእጅና በልብስ ላይ እንዳይለቅ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ሲቀባ የጨለመውን ክፍል ያበራዋል። ውኃ ሲነካው የሚፈላና ዓይንን የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ግን ሕፃናት በአጠገቡ አይቁሙ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ጨክኖ መለየትን ይጠይቃል። እግሩ የተሰበረ ሶፋ፣ ለዓመታት ያልተከፈተ ሣጥን፣ በሰርቪስ ቤቱ የተከማቸ ጣውላና ጀሪካን ሲወጣ ክፍሉ ስፋቱን ያሳያል። የቤተሰቡ ፎቶግራፎችና ሥዕለ አድኅኖው በክብር ተጠቅልለው አስቀድመው ወደ አዲሱ ማደሪያ ቢሄዱ፣ ገዢው በዚያ ግድግዳ ላይ የራሱን ቤተሰብ ለማየት ይቀለዋል። መስኮቱ በአቼቶና በአሮጌ ጋዜጣ ይወልወል፤ የተቃጠለው አምፖል ይለወጥ፤ የሚጮኸው ማጠፊያ ዘይት ይቀባ፤ መጸዳጃው ከሁሉ ይልቅ ይታጠብ።

አንዳንድ ሰዎች የሻገተውን ግድግዳ በቁም ሣጥን ጋርደው፣ የእርጥበቱን ሽታ በዕጣን ሸፍነው ቤቱን ያሳያሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዕጣን የተቀደሰ መዓዛ እንጂ የማታለያ መሣሪያ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የግል ንብረት መሆኑ ስለ ቀረ፣ በሕግ ዓይን የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ገዢው ስለ ሥፍራው አብዝቶ ቢያስብም እንኳ፣ የዚያ ቤት ደኅንነትና ነውር በግልጽ ሊነገረው መብቱ ነው። ያልተጠገነ ነገር ቢኖር ጠቁሞ ከዋጋው መቀነስ ከኋላ ክርክር ያድናል።

የመጨረሻው መሰናዶ ቀለምም መጥረጊያም አይሻም። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ ሊመዘገብ ግድ ነው፤ ቤቱም የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤታችሁን ለመሸጥ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ውዝፍ ግብርና የውኃና የመብራት ሒሳብ ካለ ክፈሉ፤ በካርታው ላይ የሰፈረው ስም በመታወቂያችሁ ካለው ስም ጋር መግጠሙንም ዛሬውኑ አመሳክሩ።