የእሳት እራቷ ቲማቲሙን በጨለማ እንዴት ታገኘዋለች?

በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው። ከግንቡ ጀርባ ዐፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 የተጠናቀቀው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ሰፈር ፎቅ ላይ፣ በረንዳው ላይ በጣሳ ቲማቲም የተከለ ሰው አንድ ጠዋት ቅጠሉን ተበሳስቶ ቢያገኘው ግራ መጋባቱ አይቀርም። በአካባቢው ማሳ የለም፤ ያቺን ጣሳ በሌሊት ለእሳት እራቷ ማን አሳያት?

ማንም አላሳያትም፤ ሸተታት።

በእስራኤል እርሻ ስማቸው ከከፋ የእሳት እራቶች አንዷ ስፖዶፕቴራ ሊቶራሊስ የምትባለው ናት፤ ትሏ ጥጥም ቲማቲምም አይመርጥም። የቅርብ ዘመዷ፣ የአሜሪካ ተምች የምንለው፣ በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን ፈጀ፤ በ2020 ደግሞ እስራኤል ደረሰ። በሽምብራችን ላይ የሚወርደው ጓይ ትልም የዚሁ ወገን ነው። የሁሉም ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፦ ቅጠሉን የሚበላው ትሉ፣ ቦታውን የምትመርጠው ግን ክንፍ ያላት እናት ናት። እሷ ራሷ ከአበባ ፈሳሽ በቀር የምትቀምሰው የላትም። ገና የተፈለፈለ ትል ሩቅ መሄድ ስለማይችል፣ እናቱ ከተሳሳተች ልጆቿ ያልቃሉ። ስለዚህ በደንብ ታሸታለች።

አፍንጫዋ ሁለቱ አንቴናዎቿ ናቸው። በማጉያ ሲታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉባቸው፤ እያንዳንዱ ፀጉር ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎች፣ ውስጡ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ውስጥ ነርቭ አለው። ከቲማቲሙ የተነሣው የሽታ ሞለኪዩል በቀዳዳው ይገባል፣ ፕሮቲን ተሸክሞት ፈሳሹን ያሻግረዋል፣ ነርቩ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይፈነጥቃል። ዲትሪሽ ሽናይደር የተባለ ጀርመናዊ በ1957 ይህንኑ ለካው፦ የሐር ትል እራት አንቴና ቆርጦ ከሽቦ ጋር አገናኘና ሽታ ነፋበት፤ መሣሪያው ወዲያው ዘለለ። ከባለቤቱ የተለየ አንቴና ለጥቂት ጊዜ ማሽተቱን ይቀጥላል።

ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ድምብላል ሲወቀጥ የሚያውደን ሊናሎል በብዙ ተክል ውስጥ አለ። ሣር ሲታጨድ የሚሸተውም ከማንኛውም አረንጓዴ ቅጠል ይወጣል። ታዲያ ቲማቲም መሆኑን በምን ታውቃለች? በድብልቁ ልክ ነው። ኮረሪማ በበርበሬም፣ በቡናም፣ በተነጠረ ቅቤም ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ማድ ቤት ሳንገባ የቱ እንደሆነ እንለያለን፣ ምክንያቱም አብሮት ያለው ሌላውና የየአንዳንዱ ልክ ይለያያል። እራቷም አንድ «የቲማቲም ሽታ» አትፈልግም፤ ድብልቁንና ልኩን ነው የምታነበው። ልኩ ከተዛባ ያው ሽታ ላይስባት ይችላል።

ሽታው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይመጣላትም። በኢየሩሳሌም የበጋ ምሽት ከባሕሩ በኩል፣ ከምዕራብ፣ ነፋስ ይነሣል፤ ሽታውን ይቆራርጠዋል፤ እዚህ አለ፣ ቀጥሎ ባዶ አየር ነው። ሽታው ሲነካት ወደ ነፋሱ ፊቷን አዙራ ትገሰግሳለች፤ ሲጠፋባት ግራና ቀኝ እየተወላገደች ትፈልጋለች፤ እንደገና ስታገኘው እንደገና ወደፊት። ግንቡንም ፎቁንም የምታልፈው እንዲህ ነው።

ተክሉም ዝም አይልም። ጥጥ በትል ሲበላ ዲኤምኤንቲ የሚባል ሽታ ይለቃል፤ እንስቷም ይህ ሲሸታት ወደ ተክሉ የመሳብ ፍላጎቷ ይቀንሳል። ስዊድን አልናርፕ ያሉ ተመራማሪዎች ይህችኑ ሊቶራሊስን ሲያጠኑ ሌላም ነገር አገኙ፦ ትል ሳለች የበላችውን ተክል አድጋ እንቁላል ስትጥል ታዳላለታለች። በ2025 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጆሮዋንም ጨመሩበት። ውሃ የጠማው ቲማቲም የሰው ጆሮ የማይሰማው ጠቅታ ያሰማል፤ እንስቷ ጤናማ ከሆኑ ሁለት ተክሎች የተቀዳ ጠቅታ ከሚሰማበት ይልቅ ጸጥ ያለውን መርጣ እንቁላሏን ጣለች። ያ ጆሮ እኮ የሌሊት ወፍን ለመሸሽ የተሠራ ነበር!

ይህን ሁሉ ማወቅ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ኬንያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዳበረው ዘዴ ጥሩ መልስ ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ገብቷል። በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ይዘራል፤ ሽታው አገዳ ቆርቁር የሚባለውን የበቆሎ ትል እናት ያርቃታል። በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ይተከላል፤ ሽታው ይጠራታል፣ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ሣሩ በሚያወጣው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ተይዘው ከትሎቹ የሚያድጉት ጥቂት ናቸው። ሣሩ ለከብትም መኖ ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሽታ እውቀት የተገኘ ብልህ ሥራ ቢባል ይህን የሚያህል አላውቅም።

በሱቅ የሚሸጠው የሽታ ወጥመድ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የተክል ሽታ ሳይሆን የእንስቷ ሽታ ነው፤ የሚይዘውም ወንዱን ነው። አንድ ወንድ ከብዙ እንስት ጋር ስለሚገናኝ የተረፉት ጥቂቶች ይበቃሉ። ወጥመዱ እራት መምጣቷን ይነግራችኋል፣ ቲማቲማችሁን ግን አያድንላችሁም።

በረንዳ ላይ ለተከለ ሰው ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይሻላል። የሊቶራሊስ እንቁላል በመቶዎች በአንድ ላይ ይጣላል፤ እናቲቱ ከሆዷ በነቀለችው ቡናማ ፀጉር ስለምትሸፍነው ከቅጠሉ ሥር የተለጠፈ ሻጋታ ይመስላል። ያን ካያችሁ ቅጠሉን ቀንጥሱና አስወግዱ፤ ከተፈለፈለ በኋላ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም።