በአንድ የኤምአርአይ ምርመራ በርካታ የአንጎል ባሕርያትን መለካት

በተለመደው የኤምአርአይ ምርመራ የሚገኘው የአንጎል ምስል የነጭ፣ የግራጫና የጥቁር ደረጃዎች ስብስብ ሲሆን፣ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ የአንዱን ስፍራ ድምቀት ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ጤናማውን ከታመመው ይለያል እንጂ የድምቀቱ መጠን ብቻውን የሚነግረው ነገር የለም። ይህ መጠን አሃድ የሌለውና እንደ ማሽኑ፣ እንደ አንቴናውና እንደ ምርመራው ቅንብር የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ አንድ ሕመምተኛ ዘንድሮ በአንድ ማሽን፣ ለከርሞ ደግሞ በሌላ ቢታይ ሁለቱን ምስሎች በቁጥር ማስተያየት አይቻልም። የሚገርመው ግን የዘርፉ መነሻ ምስል ሳይሆን ቁጥር መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው የኤምአርአይ ምስል እ.ኤ.አ. በ1973 ከመታተሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ተመራማሪው ሬይመንድ ዳማዲያን ከአይጥ የተወሰደ ዕጢና ጤናማ ኅብረ ሕዋስ በሚሊሰከንድ በሚለኩ ጊዜያት እንደሚለያዩ አሳይቶ ነበር።

እነዚህ ጊዜያት ቲ1 እና ቲ2 ይባላሉ። በውኃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች በሬዲዮ ሞገድ ከሚዛናቸው ከተናወጡ በኋላ ወደ ማግኔቱ አቅጣጫ ተመልሰው የሚያገግሙበት ፍጥነት በቲ1፣ በኅብረት የሚሰጡት ምልክት ቅንጅቱን አጥቶ የሚከስምበት ፍጥነት ደግሞ በቲ2 ይገለጻል። የ3 ቴስላ የማግኔት ጉልበት ባለው ማሽን የነጩ የአንጎል ክፍል ቲ1 ከ800 እስከ 900 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ የግራጫው ከ1,300 በላይ፣ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወደ 4,000 ይጠጋል። የነጩ ክፍል ቲ1 የሚያጥርበት ዋናው ምክንያት የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ስባማ ልባስ፣ ማይሊን፣ በብዛት ስለሚገኝበት ነው፤ ብረት በሚከማችባቸው ጥልቅ የአንጎል ክፍሎች ደግሞ ምልክቱ ፈጥኖ ይከስማል።

እነዚህን ባሕርያት ለየብቻ መለካት ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ ለረዥም ጊዜ እንዲተኛ ስለሚያስገድድ፣ ዘዴው ለዓመታት ከምርምር ቤት ብዙም ሳይወጣ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዳን ማ፣ ማርክ ግሪስወልድና ባልደረቦቻቸው «የማግኔቲክ ሬዞናንስ አሻራ» ያሉትን ዘዴ በኔቸር መጽሔት አቀረቡ። በዚህ ዘዴ የሬዲዮ ምቱ ጥንካሬና በምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሆን ተብሎ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቮክስል ከሚባሉት የምስሉ ጥቃቅን ኩቦች እያንዳንዱ፣ በቲ1 እና በቲ2 ጥምረቱ የተወሰነ፣ ከፍ ዝቅ የሚል የምልክት መስመር ይሰጣል። ኮምፒውተሩ የፊዚክስ ሊቁ ፊሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣቸው ቀመሮች ለእጅግ ብዙ ጥምረቶች አስቀድሞ ካሰላው መዝገብ ውስጥ ከተለካው መስመር ጋር አብልጦ የሚመሳሰለውን ይመርጣል፤ የተመረጠውም ቲ1ን፣ ቲ2ንና የፕሮቶን ክምችትን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። የእያንዳንዱ ቅጽበት ምስል ለብቻው ቢታይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው፤ ይሁንና ስሕተቱ እንደ ሁከት የተበታተነ ስለሆነና በመዝገቡ ካሉት መስመሮች ጋር ስለማይገጥም ፍለጋውን ብዙ አያዛባም። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ የአንጎል ቁራጭ በ12 ሰከንድ ገደማ ተለክቷል፤ የዘዴው ታላቅነትም ፍጹም ምስል መጠበቅን መተዉ ላይ ነው።

ይሁንና ቁጥር አሃድ ስላለው ብቻ እውነትነቱ የተረጋገጠ አይሆንም። አንድ ቮክስል ነጭ ክፍልንና ፈሳሽን ቀላቅሎ ከያዘ፣ መዝገቡ የሁለቱንም ትክክለኛ ጊዜ ያልሆነ ቁጥር ሊመርጥ ይችላል፤ በ3 ቴስላ የሬዲዮ ሞገዱ በጭንቅላት ውስጥ እኩል ስለማይዳረስም ይህ ካልታረመ ልኬቱ ይዛባል። ከዚህም በላይ የቲ1 መርዘም የማይሊን መጥፋትን ወይም የውኃ መቋጠርን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ማይሊንን የሚያጠቃው የማልቲፕል ስክሌሮሲስ በሽታ ያለበትን ሕመምተኛ የሚከታተል ሐኪም በአንዱ ባሕርይ ብቻ መወሰን አይገባውም፤ በርካታ ባሕርያትን በአንድነት የመለካት ፋይዳም ከጊዜ ቁጠባ ይልቅ እዚህ ላይ ይጎላል። ስለዚህ የቲ1 ወይም የቲ2 ቁጥር የቀረበለት አንባቢ በስንት ቴስላ፣ በየትኛው ዘዴና በምን ማረሚያ እንደተለካ ሳይጠይቅ ከሌላ ቁጥር ጋር አያነጻጽረው።