ምጣዱ ለምን አልግል አለ? በቤት መስመር ላይ የሚባክነውን ቮልቴጅ ስለ ማስላት

በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ወርቅ ከተማ የሚገኝ አንድ ቤት በሐሳባችን እንሣል። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ ስለሌለው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከጎረቤት ቆጣሪ በ40 ሜትር ሽቦ ተስቦ ነው። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ይላል። የቤቱ ሰዎች «ኃይሉ ቀንሶ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ጥፋቱ በገዛ ሽቧቸው ውስጥ ቢሆንስ?

ማንኛውም ሽቦ፣ መዳብም ቢሆን፣ የኮረንቲን ፍሰት በመጠኑ ይገታል። ይህ ጠባይ ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ሽቦው ሲረዝም ይጨምራል፤ ሲወፍር ይቀንሳል። ለመዳብ ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

ሬዚስታንስ = 0.0175 × ርዝመት (በሜትር) ÷ የሽቦው ውፍረት (በካሬ ሚሊ ሜትር)

ኮረንቲ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱን በ2 ማባዛት አይዘነጋም። እንግዲህ ሽቦው «ባለ 1.5» ከሆነ፣ 0.0175 × 80 ÷ 1.5 = 0.93 ኦም ይሆናል።

ምጣዱ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ነው እንበል። የራሱ ሬዚስታንስ 220 × 220 ÷ 3500 = 13.83 ኦም ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 14.76 ኦም ይሆናሉ። በኦም ሕግ መሠረት ኮረንቲው 220 ÷ 14.76 = 14.9 አምፔር ነው። በሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ደግሞ 14.9 × 0.93 = 13.9 ቮልት ነው። ስለዚህ ለምጣዱ የሚደርሰው 206.1 ቮልት ብቻ ነው፤ ኃይሉም ወደ 3070 ዋት ይወርዳል። የቮልቴጁ ጉድለት 6 በመቶ ገደማ ሲሆን የሙቀቱ ግን 12 በመቶ የሆነው ኃይል የቮልቴጅን ካሬ ስለሚከተል ነው። አምፖሉም በዚሁ ሽቦ ላይ ስለሚገኝ ይደበዝዛል።

ከዚህም በላይ 207 ዋት ያህሉ ሽቦውን ሲያሞቅ ይባክናል። ቆጣሪው ይህንንም ይቆጥራል። ሽቦው ከተጠቀለለ ወይም መጋጠሚያው ከላላ ሙቀቱ ልባሱን አቅልጦ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ከሕዝብ መስመር ለሚመገብ ቤት የሚመክረው የቮልቴጅ ጉድለት ለመብራት ከ3 በመቶ፣ ለሌሎች መሣሪያዎች ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ያንኑ ስሌት ብንደግመው «ባለ 2.5» ሽቦ 8.6 ቮልት (3.9 በመቶ)፣ «ባለ 4» ደግሞ 5.4 ቮልት (2.5 በመቶ) ያጎድላል። የመጀመሪያው ለምጣዱ ይበቃል፤ ሁለተኛው ለአምፖሉም ጭምር ይስማማል።

ከመግዛታችን በፊት ግን ባለሙያ ምጣዱ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን በቆጣሪውና በምጣዱ ዘንድ እንዲለካ እናድርግ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የመጋጠሚያው ነው። በቆጣሪው ዘንድ አስቀድሞ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ችግሩ ከቤቱ ውጭ ነውና ሽቦ ማወፈሩ ብቻውን አያድነንም።