ፈቃዱ የአማካሪው፣ ፊርማው የደንበኛው

የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ተቆጣጣሪው ነው። ከ2004 እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ሦስት ተቆጣጣሪዎች ተፈራርቀዋል፤ «ኮሌጅ» የሚባለው የአሁኑ ተቆጣጣሪ በፌዴራል ሕግ የቆመ በመሆኑ ከቀደሙት የተሻለ ሥልጣን አለው። ስሞታው ግን አልቆመም። የሚቆምም አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ብዙዎች አቅልለው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፦ ደንበኛው የራሱን ፋይል ማንበብ አይችልም።

ሪችመንድ ወይም ማርካም በተባሉት የካናዳ ከተሞች ያለ ማንዳሪን ተናጋሪ ቤተሰብ አማካሪ የሚመርጠው በቋንቋ ነው። ምክክሩ በማንዳሪን ነው፤ ማስታወቂያውም፣ ክፍያውን የምትቀበለው ልጅም እንዲሁ። ማመልከቻው ግን የሚገባው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። ወኪል ከተሰየመ በኋላ ደግሞ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ የሚደርሰው ለወኪሉ ነው። ደንበኛው ስለ ገዛ ጉዳዩ የሚያውቀው ሌላ ሰው የነገረውን ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ ይፈርማል።

ሪችመንድ ውስጥ በ2015 የሰባት ዓመት እስራት የተፈረደበት የኢሚግሬሽን አማካሪ ነኝ ባይ ፈቃድ እንኳ አልነበረውም። ደንበኞቹ ካናዳ ያልኖሩበትን ጊዜ እንደኖሩ ለማስመሰል ፓስፖርታቸው ላይ ሐሰተኛ ማህተም ያስመታ ነበር። ከእነሱ መካከል እያወቁ የከፈሉ ነበሩ። ሁሉም ያውቁ ነበር ብሎ ለመደምደም ግን እቸገራለሁ።

ሕጉ ለዚህ ልዩነት ብዙም አይጨነቅም። በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሐሰት ያቀረበ ወይም ቁም ነገር የደበቀ ሰው ለአምስት ዓመት ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል፤ እስከ 2014 ድረስ ሁለት ዓመት ነበር። «አማካሪው ነው የሞላው» የሚለው መከላከያ ብዙ ጊዜ አያድንም። አማካሪው ፈቃዱን ቢነጠቅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ደንበኛው ግን ቤቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ከአገር ቤት ሸጦ የመጣውን ንብረት ሁሉ አደጋ ላይ ጥሏል።

ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ እንጂ ለቢሮ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የአንድ ሰው ሆኖ፣ ጉዳዩን የሚያወራችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቻይና ተቀምጦ ደንበኛ የሚያሰባስበውን ደላላ ደግሞ ኮሌጁ የሚቀጣበት እጅ የለውም። ደላላው ስሙን ከማመልከቻው ላይ ካስቀረ መንግሥት የሚያየው ራሳችሁ የሞላችሁትን ፎርም ነው።

ይህ የማንዳሪን ተናጋሪዎች ጣጣ ብቻ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ በአማርኛ «ፕሮሰስ» የሚያስጀምር ሰው የያዘ አንባቢም ራሱን ያየዋል። ክፍያ የሚቀበለው ሰው የኮሌጁ አባል፣ ጠበቃ፣ የኦንታሪዮ ፓራሊጋል ወይም የኩቤክ ኖታሪ መሆን አለበት። አማካሪ ከሆነ በ«አር» ፊደል የሚጀምር ቁጥሩን ተቀበሉና ኮሌጁ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው መዝገብ ላይ ፈልጉት። ከመፈረማችሁ በፊት የማመልከቻውን ሙሉ ቅጂ ውሰዱ፤ ከክፍያው ምንም የማይደርሰው ሰው መስመር በመስመር ያንብብላችሁ። ቅጂ አልሰጥም ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። መንግሥት አማካሪ ቅጠሩ ብሎ አያስገድድም፤ አማካሪ የያዘ ማመልከቻም ከሌላው ቀድሞ አይታይም።