አንድ አዞ፣ ሁለት ካሜራ፦ የቱን ልግዛ?

ጫኖ ሚሌ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ እያያችሁ ነው እንበል። ከኋላችሁ የጋሞ ደጋ ተራሮች አሉ። ከፊታችሁ የሙዝና የማንጎ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ደግሞ ደለል ያቀላው የአባያ ሐይቅ። ከእናንተ 200 ሜትር ያህል ርቆ፣ ውኃው ዳር፣ አንድ አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ስልካችሁን አወጣችሁ፣ በሁለት ጣት ጎትታችሁ አቀረባችሁት፣ አነሳችሁት። የወጣው ግንድ ይሁን አዞ የማይለይ ቡናማ ነገር ነው። ጠጋ ብዬስ ባነሳው? በፍጹም! የአባያ አዞና ጉማሬ ቀልድ አያውቁም፤ ለፎቶ ተብሎ አይጠጓቸውም።

እሺ፣ ካሜራ ልትገዙ ብር አጠራቀማችሁ። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ሁለት ካሜራ ቀረበላችሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ነው፤ ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ 900 ግራም የሚጠጋ፣ ዙም ሲደረግ እንደ ቧንቧ የሚረዝም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ 2000ዲ ነው፤ ሌንሱ ተፈትቶ ይቀየራል፣ አብሮት ያለው ሌንስ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር የሚባለው የተለመደው አጭር ሌንስ።

ሻጩ ምን ይላችኋል? «ይሄኛው 83 እጥፍ ዙም አለው፤ ያኛው ደግሞ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ይሄ 16 ብቻ ነው።» ሁለቱም እውነት ነው። ችግሩ፣ ሁለቱም ቁጥር ስለ አዞው ብዙ አይነግራችሁም። 83 እጥፍ ማለት የሌንሱ ረጅሙ ጫፍ ለአጭሩ ጫፍ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው (357 ÷ 4.3)። ምን ያህል እንደሚያቀርብ ሳይሆን ከየት እስከ የት እንደሚዘረጋ ነው የሚናገረው። ሜጋፒክስልም ቢሆን ሥዕሉ በስንት ነጥብ እንደተከፋፈለ እንጂ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ነጥብ አዞው ላይ እንዳረፈ አይነግርም። ስለዚህ እኛው እናስላው። የሚያስፈልገው የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ካሜራ ውስጥ ሌንሱ የውጪውን ነገር አሳንሶ ሴንሰር በሚባል ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይሥለዋል። ሥዕሉ ምን ያህል እንደሚተልቅ የሚወስነው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው፦ የአዞው ርዝመት ሲባዛ በትኩረት ርቀቱ፣ ሲካፈል አዞው ለሚገኝበት ርቀት። አዞው 3.5 ሜትር ነው እንበል። የፒ900 ረጅሙ የትኩረት ርቀት 357 ሚሊ ሜትር ነው (ሌንሱ ላይ «2000» የሚል ቢነገራችሁ፣ እሱ ከድሮው ፊልም ጋር ለማነጻጸር የተሰላ ቁጥር ነው፤ መስታወቱ 2000 አይደለም)። 3500 በ357 አባዝታችሁ ለ200,000 ሚሊ ሜትር ስታካፍሉ 6.2 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የፒ900 ሴንሰር ወርድ ስንት መሰላችሁ? 6.2 ሚሊ ሜትር! አዞው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ፎቶውን ሞላው ማለት ነው። ወደ ጎን ያሉት 4608 ነጥቦች በሙሉ የእሱ ናቸው።

ካኖኑስ? በ55 ሚሊ ሜትር ስታሰሉት የአዞው ሥዕል 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሴንሰሩ ግን ወርዱ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ከ6000ው የጎን ነጥቦች 260 ያህሉ ብቻ አዞው ላይ ያርፋሉ፤ የቀረው አሸዋና ውኃ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስሉ በባለ 16ቱ ተበለጠ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ታዲያ ሁሉም ሰው ትልቅ ሴንሰር ጥሩ ነው የሚለው ለምንድን ነው? የካኖኑ ሴንሰር በስፋት ከፒ900 ወደ 12 እጥፍ ይበልጣል፤ ብርሃን የሚሰበስበው እሱ አይደለም እንዴ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በኢንተርኔት ላይ ካሜራ የሚያወዳድሩ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። ሴንሰሩ ብርሃን አይሰበስብም፤ የመጣለትን ይቀበላል እንጂ። የሚሰበስበው ቀዳዳው ነው።

ከአዞው ጀርባ ተንጸባርቆ ወደ እናንተ የሚመጣውን ብርሃን እንደ ዝናብ አስቡት። ምን ያህል ውኃ እንደምታጠራቅሙ የሚወስነው የዕቃው አፍ ስፋት ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ለማወቅ የትኩረት ርቀቱን «ኤፍ» ተብሎ ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉት። ፒ900 ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ኤፍ 6.5 ነው፤ 357 ÷ 6.5 = 55 ሚሊ ሜትር። ካኖኑ በ55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ነው፤ 55 ÷ 5.6 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንዱ እንደ ቡና ስኒ አፍ፣ ሌላው እንደ ትንሽ ቁልፍ። ስፋታቸው ሲወዳደር ከ30 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ስለዚህ ከዚያ አንድ አዞ የሚመጣውን ብርሃን ብንቆጥር፣ ባለ ትንሽ ሴንሰሩ ካሜራ ከባለ ትልቁ 30 ጊዜ አስበልጦ ነው የሚቀበለው። ደስ የማይል ነገር ቢኖር፣ ብርሃን በቀዳዳ ሲያልፍ ትንሽ ስለሚበተን 55 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 200 ሜትር ላይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝርዝር ለይቶ ሊያሳያችሁ አይችልም፤ ነጥቡን የፈለገውን ያህል ቢያበዙትም። የአዞን ቅርፊት ለማየት ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጨረቃንም ሞክሩበት። በፒ900 የጨረቃ ሥዕል ሴንሰሩ ላይ ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሴንሰሩን ቁመት 70 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ጉድጓዶቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በካኖኑ አጭር ሌንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነች፣ አለቀ።

እስካሁን ያለው ሁሉ «ፒ900 ግዙ» የሚል ይመስላል። ቆዩ፣ አሁን ተራራውን እንውጣ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጡ ዶርዜ አለ። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠልና በቅርፊት የሚከደነውን፣ ከፊቱ ሲታይ የዝሆን ፊት የሚመስለውን ቤት በሥዕልም ቢሆን አይታችኋል። ውስጡ ገብታችሁ ሸማኔ ሲሸምን ልታነሱ ነው። ውጪ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ ግን በበሩ ከሚገባው ብርሃን በቀር ጨለማ ነው፤ ጭስም አለ። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሽው ይላል። አሁን የሚያስፈልገው ማቅረብ አይደለም፤ ሸማኔው ሁለት ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ካሜራ ወደ አጭሩ ጫፍ ትመልሷቸዋላችሁ። ቀዳዳውን እንደገና እናስላ። ፒ900፦ 4.3 ÷ 2.8 = 1.5 ሚሊ ሜትር። ካኖን፦ 18 ÷ 3.5 = 5.1 ሚሊ ሜትር። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ከእርሳስ ጀርባ ጋር ሲወዳደር ነው፤ ከእያንዳንዱ የቤቱ ጥግ ካኖኑ ወደ 11 እጥፍ የሚሆን ብርሃን ያስገባል። ትልቅ ሴንሰር የሚጠቅመውም እዚህ ነው፦ ሰፊ ነገር እያሳየ ትልቅ ቀዳዳ መያዝ የሚችለው ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው።

11 እጥፍ ምን ለውጥ ያመጣል? ወደ ዝናቡ እንመለስ። ካፊያ ሲጀምር ግቢው ውስጥ አንድ ስኒ እና አንድ ሳፋ አስቀምጡና የሚገባውን ጠብታ ቁጠሩ። ጠብታ ተሰልፎ አይወርድም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወድቀው። በአማካይ 100 ጠብታ የሚገባበት ስኒ አንዴ 92፣ አንዴ 109 ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የ100 ካሬ ሥር፣ ማለትም 10 ያህል ነው። አሥር በመቶ! በአማካይ 10,000 የሚገባበት ሳፋ ግን የሚለዋወጠው በ100 ያህል ነው፤ አንድ በመቶ ብቻ። የብርሃን ቅንጣቶችም፣ ፎቶኖች፣ ልክ እንደዚሁ ነው የሚወርዱት። ጥቂት ፎቶን የደረሰው ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ሊያሳይ ሲገባው አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ጠቆር ይላል። በጨለማ የተነሳ ፎቶ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ለዚህ ነው። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም፤ ብርሃኑ ራሱ ጥቂት ሲሆን እንዲህ ነው። 11 እጥፍ ብርሃን ማለት አሸዋው በ3.3 ቀነሰ ማለት ነው (የ11 ካሬ ሥር)። ያን ጊዜ የሸማኔው ፊት ፊት ይመስላል።

ካኖኑ ሌላም ነገር አለው፤ ሌንሱ ይፈታል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባል ትንሽ፣ ቀላል ሌንስ ብትገጥሙለት ቀዳዳው 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አብሮት የመጣው ሌንስ እዚያው አካባቢ ከሚሰጠው ወደ 10 እጥፍ ብርሃን። በጥር ሠርግ፣ በመስቀል ደመራ ማታ፣ በምረቃ አዳራሽ ፎቶ አንስታችሁ ብር ልታገኙበት የምታስቡ ከሆነ እኔ ሳላመነታ ካኖኑን ነው የምላችሁ። ፒ900 ፎቶውን በጄፔግ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ ካኖኑ ግን ጥሬውን መረጃ ስለሚያስቀምጥ በኮምፒውተር ለማረም ይመቻል።

ለአዞውስ? እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ለካኖኑ ባለ 55-250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትጨምሩለት፣ በ250 ላይ ቀዳዳው 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ55 ብዙም አልራቀም! አዞው የፎቶውን አንድ አምስተኛ ያህል ይይዛል፣ 1,180 ያህል ነጥብ ያርፍበታል። ፒ900 አሁንም ይበልጣል፣ ግን ልዩነቱ መጀመሪያ እንዳየነው የሰማይና የምድር አይደለም። እናም ትክክለኛው ጥያቄ «የቱ ካሜራ ይሻላል» ሳይሆን ወደ «ሁለተኛ ሌንስ የምገዛበት ብር መቼ ይኖረኛል» ይዞራል። ይሄን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሌላ ሌንስ የማትገዙ ከሆነና ልባችሁ ወፍና አውሬ ላይ ከሆነ፣ ፒ900 ውሰዱ።

የምትወስዱ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። አንደኛ፣ ሙሉ ዙም ላይ የምታዩት ስፋት አንድ ዲግሪ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ትንሿን ጣታችሁን ብታዩ የሷን ስፋት ያህል። ፔሊካን ስትበር በዚያ ቀዳዳ ማግኘት ያበሳጫል። በሌንሱ ጎን ያለውን፣ ለአፍታ ዙሙን መልሶ የሚያሰፋውን ቁልፍ መጠቀም ልመዱ። ሁለተኛው የአየሩ ነገር ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ ቀትር ላይ ውኃ የፈሰሰ መስሎ ሲንቀጠቀጥ አይታችኋል አይደል? ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ብርሃኑን እያጠፈው ነው። ረጅም ሌንስ አዞውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ያጎላዋል፤ በዚያ ሰዓት የትኛውም ሌንስ አይረዳም። አየሩ የሚረጋው ማለዳ ነው። ከጫኖ ሲታይ ግን ሐይቁ በምሥራቅ ስለሆነ ማለዳ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችሁ ናት፣ አዞው ጥላ ብቻ ይሆናል! ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ጀርባችሁ ትዞራለች፣ አየሩ ግን ግሏል። የምትቀራችሁ ፀሐይዋ በጋሞ ተራሮች ጀርባ ከመግባቷ በፊት ያለችው አጭር ሰዓት ናት።

ሱቁ ውስጥ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ግቡ። በር ላይ ቁሙና ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ በሁለቱም አንሱ። ከዚያ ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ ዙሩና ያለ ፍላሽ የሰው ፊት አንሱ። ሌንሱን ከድናችሁም አንድ አንሱ፤ በጥቁሩ ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ ችግር አለ። ፒ900ን እስከ ጫፍ ዘርግታችሁ መልሱት፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ ተዉት፣ ምክንያቱም ሌንሱ ውስጥ የገባ አቧራም ሆነ አሸዋ ቤት ውስጥ የሚጸዳ አይደለም። ካኖኑን ደግሞ ነጭ ደመና ላይ፣ ቀዳዳውን አጥብባችሁ አንሱበት፤ ጥቁር ጠብታ ከታየ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፣ እሱ ግን ይጸዳል። ፎቶዎቹን ቤት ወስዳችሁ በትልቅ ስክሪን እዩ። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ላይ ሁሉም ፎቶ ያምራል።

አንድ ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ። ከሐይቁ ማዶ ባለው የነጭ ሳር ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ከመንገድ ላይ የአንዲት የሞተች ወፍ ክንፍ አነሱ። ክንፉ ከሚታወቁ ዝርያዎች ጋር አልመሳሰል ስላለ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ሶላላ»፣ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። በሌሊት የምትበር ወፍ ናት (የሌሊት ወፍ የምንላት ሌላ ናት፤ እሷ እንዲያውም ወፍ አይደለችም)። ይህችን ለማንሳት ሩቅ ማየትም፣ በጨለማ ማየትም ያስፈልጋል። በእጃችሁ ያሉት ሁለት ካሜራዎች፣ አንድ ባለ 250 ሌንስ እና አንድ ፍላሽ ናቸው፤ አብሯችሁ የፓርኩ ስካውት አለ፤ ወፏ 15 ሜትር ላይ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀዳዳዎቹን አስሉና የቱን እንደምታነሱ ንገሩኝ።